ጥርስ ነክሶ ማለፍ፦ ከቡሬ ምሽግ እስከ ጥርስ ሐኪሙ ወንበር

አክስቴ የምትኖረው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እኛ እቴቴ ነው የምንላት። አንድ መንጋጋ ጥርሷን ካመማት ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለፈው ጉንጯ አብጦ ሳያት «ነይ እንሂድና እናሳየው» አልኳት። «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ያመማት እኮ ጥርሷ ነው!

በስንት ልመና አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ካርድ አወጣች፣ ወረፋዋን ጠበቀች፣ ወንበሩም ላይ ወጣች። ባለሙያው ምንም ሳይናገር ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛው፤ መብራቱን ፊቷ ላይ አዞረ፤ መቦርቦሪያውን ለሙከራ አንድ ጊዜ አስጮኸው። እቴቴ ብድግ ብላ ወጣች። ነጠላዋን እንኳን አላነሳችም። አጥሩ ሥር ሳገኛት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ያ ድምፅ... ያ የሰማዩ ድምፅ ነው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የምማረው ምህንድስና ነው። ማሽን ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «መቼ ነው የተጎዳው?» የሚል ነው፤ ብረት ዛሬ ቢሰበርም ስንጥቁ የጀመረው ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላልና። ስለ እቴቴ ጥርስም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ንባቡ ከጥርስ ሕክምና መጻሕፍት ይልቅ ወደ ጦርነት ታሪክ ወሰደኝ፤ ያውም ወደ እሷው ሰፈር።

የቡሬ ሌሊቶች

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ። አዎ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለዱበት ማንኩሳ። ያ ልብ ወለድ ሳይጻፍ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ይህ መንገድ ሌላ ታሪክ አይቶ ነበር።

ጎጃም በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ በሰፊው አመፀ። የጣሊያን ምላሽ ከምድርም ከሰማይም መጣ፤ ቤትና እህል ተቃጠለ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። የዚያን ጊዜ ልጅ ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ወዴት መሮጥ እንዳለበት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። አብሯቸው የዘመተውን ትንሽ ጦር ይመራ የነበረው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ነበር። ለጦሩ የሰጠው ስም «ጌዴዎን» ነው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጌዴዎን በ300 ሰው ብቻ፣ በሌሊት፣ በቀንደ መለከትና በችቦ የምድያምን ሰፈር አሸብሮ የበተነ ነው።

ዊንጌትም ቡሬ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ምሽጎቹን የያዘው የኮሎኔል ናታሌ ጦር ከእሱ ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ፊት ለፊት ቢገጥም አያዋጣውም። ስለዚህ ትንንሽ ቡድኖች በሌሊት ወደ ምሽጎቹ እየተጠጉ ተኩስ ይከፍታሉ፤ ከዚያ ይጠፋሉ። ምሽጉ ውስጥ ያለው ሰው ከየት እንደሚመጣበት፣ ስንት እንደሆኑ አያውቅም። አይተኛም። በዚያ ላይ ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል ነበር። «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ያሰራጭ ነበር፤ በጎጃሙም ዘመቻ በድምፅ ማጉያ ለጣሊያን የተሰለፈውን ያገር ልጅ «ና፣ ወዲህ ግባ» እያለ ይጠራ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ናታሌ ቡሬን ለቆ ወደ ደንበጫ አቅጣጫ አፈገፈገ።

ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የምንተርከው እንደ ጀብዱ ነው፤ ጀብዱም ነው። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ ቡሬን ያስለቀቀው ዋና መሣሪያ የእንቅልፍ እጦትና ፍርሃት ነበር። ፍርሃት በሰው ሰውነት ላይ እንደ ጥይት የሚሠራ ነገር ከሆነ፣ እንደ ጥይትም ቁስል መተው አለበት። ቁስሉ የት ነው ታዲያ?

ከምሽግ የመጣ የአፍ በሽታ

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከምሽግ የሚመለሱ ወታደሮች አንድም ጥይት ሳይነካቸው ይንቀጠቀጡ፣ መናገር ያቅታቸው፣ እንቅልፍ ያጡ ነበር። የእንግሊዙ ሐኪም ቻርልስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1915 ስለነዚህ ወታደሮች በሕክምና መጽሔት ሲጽፍ «የመድፍ ድንጋጤ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም ተጠቀመ። ብዙ አዛዦች ግን ፈሪነት ነው አሉ። ሕመሙ ዛሬ በምናውቀው መልክ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እኛ ዘንድ ግን የትኛዋም አያት «ልጁ ደንግጦ ነው» ትላለች፤ ድንጋጤ ሰው እንደሚያሳምም ለመቀበል መዝገብ አልጠበቀችም።

ከነዚያው ምሽጎች ሌላም በሽታ ወጣ። የወታደሮቹ ድድ ይቆስላል፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሥጋ ይበሰብሳል፣ ይደማል፣ አፋቸው አጠገብ የማያስቀርብ ሽታ ያመጣል። እንግሊዞቹ «የምሽግ አፍ» አሉት። መጀመሪያ ኩባያ በመጋራት የሚተላለፍ መስሏቸው ነበር። በሽታውን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ግን በጤነኛ ሰው አፍም ውስጥ ያሉ ናቸው። በሰላሙ ጊዜ ሰውነት ይቆጣጠራቸዋል። ሰውየው እንቅልፍ ሲያጣ፣ በደንብ ሳይበላ ሲቀር፣ ሲጋራ ሲያበዛ፣ በተለይም ሳያቋርጥ ሲፈራ፣ መቆጣጠሪያው ይላላል። ጠላት የመጣው ከውጭ አይደለም፤ ዘበኛው ደክሞ ነው።

ዘበኛው እንዴት ይደክማል? በጣም ከሚገርሙኝ ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ በአሜሪካ ኦሃዮ የተሠራ ነው። ተመራማሪዎቹ 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን አግባቡና ላንቃቸው ላይ ትንሽ ክብ ቁስል አበጁ፤ አንዴ በክረምት እረፍታቸው፣ አንዴ ደግሞ ከፈተና ሦስት ቀን በፊት። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ቁስሉም ያው ነው። በፈተናው ሰሞን የተደረገው ግን ለመዳን በአማካይ 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ልብ በሉ፣ ይህ ፈተና ብቻ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ወይም ልጇ የት እንዳለ የማታውቅ ሰው ቁስልስ?

ወፍጮ ባዶውን ሲዞር

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልመለስ። አማርኛችን መቻልን ከጥርስ ጋር አያይዞታል። ጥርሱን ነክሶ ተማረ፣ ጥርሷን ነክሳ ልጆቿን አሳደገች እንላለን። ቂም ሲሆን ደግሞ «ጥርስ ነከሰበት» ነው። አባባሉን የፈጠረው ሰው የሰውነትን ሥራ በደንብ አይቷል። ሰው ሲፈራና ሲጨነቅ የመንጋጋው ጡንቻ ይወጠራል። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ሌሊት ተኝተው ነው፤ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ፣ ጠዋት ግን አያስታውሱትም።

በጤነኛ ቀን የላይና የታች ጥርሶቻችን በትክክል የሚነካኩበት ጊዜ ቢደመር ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። ቀሪውን ጊዜ አፋችን ተዘግቶም ቢሆን ጥርሶቹ መካከል ክፍተት አለ። (አሁን አጣራችሁ አይደል?) የሚያፋጭ ሰው ግን ያለ ምግብ ለረጅም ሰዓት ያጋጫቸዋል። ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት እኔን አይፈልግም፦ ወፍጮ እህል ሳይገባበት ሲዞር ድንጋዩ እርስ በርሱ ይበላላል።

ኢናሜል፣ የጥርሳችን ውጫዊ ልባስ ማለት ነው፣ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው። ታዲያ እንዴት ይሰነጠቃል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር የባቡር ዘንጎች በቀላሉ ሊሸከሙት በሚገባ ጭነት ለምን እንደሚሰበሩ ሲመረምር መልሱን አገኘ፤ አንድ ጊዜ ቢጫን የማይሰብር ኃይል እልፍ ጊዜ ሲደጋገም ይሰብራል። ሽቦ በእጃችሁ እያመላለሳችሁ ስትበጥሱ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። በጥርስም ላይ ያው ነው፤ አንድ ቀን በቆሎ ስትቆረጥም ጥርሷ የተሰበረ ሴት በቆሎውን ትረግማለች፤ ስንጥቁ ግን የዓመታት ሌሊቶች ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምራቅ ነው። «ሲጠሩኝ አፌ ደረቀ» ስንል እውነታችንን ነው። አደጋ ሲመጣ ሰውነት ደሙንና ጉልበቱን ለሩጫና ለትግል ይመድባል፤ ምራቅ ማመንጨት በዚያ ሰዓት ቅንጦት ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ አሲድን ያቀጥናል፣ ከጥርስ የተሸረሸረውን ካልሲየምና ፎስፌት መልሶ ያቀብላል። አፍ ውስጥ የአሲድ መጠን ከፍ ብሎ ፒኤች ከ5.5 አካባቢ ሲወርድ ኢናሜል መሟሟት ይጀምራል። ጦርነት ሲያልፍ ድንጋጤው አብሮ ካላለፈ፣ ድርቀቱም አብሮ ሊቆይ ይችላል። ለጭንቀትና ለድብርት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም፣ ለምሳሌ እኛ አገር በብዛት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ አፍ ያደርቃሉ። ይህን አንብባችሁ መድኃኒት እንዳታቋርጡ! ለሐኪሙ ንገሩት፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ፣ የሚጣፍጥ ከረሜላ ግን አፍ ለማርጠብ አትጠቀሙ።

ግልጽ ለመሆን ያህል፣ ድንጋጤ በራሱ ጥርስ አይበሳም። ጥርስ የሚበሳው ባክቴሪያ ከስኳር በሚሠራው አሲድ ነው። ድንጋጤ የሚያደርገው በሩን መክፈት ነው።

ወንበሩ

የእቴቴ ነገር ግን ከዚህም ይለያል። እሷ ሕክምናው አልጎደለባትም፤ ደርሳ ሸሸች።

የጥርስ ሐኪም ወንበርን ለአፍታ እንደማያውቁት ሰው እዩት። በጀርባችሁ ትተኛላችሁ። ከላያችሁ የማታውቁት ሰው ይቆማል፣ ፊቱ በጭምብል ተሸፍኗል። ብርሃን ዓይናችሁ ላይ ነው። አፋችሁ ተከፍቶ ጥጥ ተጎስጉሶበታል፤ መናገር አትችሉም። ብረት ይገባል። አሁን ደግሞ በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969ና በ1970 ዓ.ም.፣ የታሰረ ሰው ሆናችሁ አስቡት። «ወፌ ላላ» በሚባለው ስቃይ እጅና እግሩ አንድ ላይ ታስሮ እየተንጠለጠለ ውስጥ እግሩ ሲገረፍ፣ እንዳይጮህ አፉ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጠቅ ነበር። ከዚያ የተረፈ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ አፉ ውስጥ ጥጥ ሲገባ ሰውነቱ ምን ያስታውሳል? ለሐኪሙ «ተባባሪ ያልሆነ ታካሚ» ነው። ለራሱ ግን እንደገና እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ድምፁም አለ። ዛሬ የምናውቀው በአየር ግፊት የሚዞር መቦርቦሪያ እ.ኤ.አ. በ1957 ገበያ ላይ ሲወጣ ትልቅ እድገት ነበር፤ በደቂቃ በመቶ ሺዎች ጊዜ ስለሚዞር ሥራውን አፍጥኖታል። ዋጋው ግን ያ የሚያፏጭ ቀጭን ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ እንደ ሽታ ሁሉ የፍርሃትን ትዝታ ሳያንኳኳ ይዞ ይገባል።

ስዊድናዊው የጥርስ ሐኪም ኡልፍ በርግሬን እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፈውን ሳነብ፣ እኔ በቁጥጥር ትምህርት የማውቀውን ራሱን የሚያባብስ ዑደት አገኘሁት። ሰው ይፈራል፣ ስለዚህ ይቀራል። ሲቀር ጥርሱ ይብሳል። ሲብስ ደግሞ የሚጠብቀው ሕክምና ከባድ ይሆናል፤ ያፍራል፤ ፍርሃቱም ይጨምራል። ከዚህ ላይ አንድ ኬሚስትሪ ጨምሩበት፦ ያመረቀዘ ሥጋ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ማደንዘዣ መርፌ ደግሞ አሲድ ባለበት ቦታ በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ለዓመታት ፈርቶ የቀረ ሰው በመጨረሻ ሲመጣ በእርግጥም ከሌላው በላይ ሊያመው ይችላል። ፍርሃቱ ራሱን እውነት አደረገ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ሰው ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል። እቴቴም ሞክራዋለች፤ የአስተናግር ፍሬ ፍም ላይ አድርጎ ጭሱን አፍ ውስጥ ማስገባት፣ «ትሉ እንዲወጣ»። ጥርስ የሚበላ ትል አለ የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ በጥንታዊት ባቢሎንም ነበር። ትል የለም። አስተናግር ግን አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች አሉት። አፍ ያደርቃል፣ ሲበዛም ሰውን ያስለፈልፋል፤ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ሊገድልም ይችላል። ወይራና ክትክታ መፋቂያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በደንብ ከተፋቀበት ጥርስ ያጸዳል።

ፍኖተ ሰላም

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፍኖተ ሰላም ከተማ ከ12 እስከ 20 ዓመት የሆናቸውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥርስ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመው ነበር። ከተመረመሩት ወደ ግማሽ የሚጠጉት የተቦረቦረ ጥርስ ነበራቸው። ይህ ከአሁኑ ጦርነት በፊት ነው። ከዚያ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር ጥቃት ደረሰ፤ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን ባወጣው መግለጫ በደብረ ብርሃን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በመኖሪያ ሰፈሮች ላይ ጥቃት እንደደረሰ የሚታመን መረጃ እንዳገኘ ገለጸ። በጥናቱ ጊዜ 12 ዓመቱ የነበረ ልጅ በዚያ ነሐሴ ከ19 ዓመት በላይ ነው። ምናልባት ይህን እያነበበ ነው።

ለእንዲህ ያለው ታካሚ የሚያስፈልገው ውድ ማሽን አይደለም፤ እኔ እንኳን መሐንዲስ ሆኜ እናገረዋለሁ። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ አድልስተን እ.ኤ.አ. በ1959 ለሕፃናት የጻፈው ዘዴ ለአዋቂም ይሠራል፦ መጀመሪያ ንገር፣ ቀጥሎ አሳይ፣ ከዚያ ሥራ። ወንበሩን ከማስተኛት በፊት መጠየቅ። ሰውየው ከፈለገ ቀና ብሎ እንዲታከም መፍቀድ። እጁን ሲያነሳ ማቆም፣ የምር ማቆም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ስለ ሕመም ባሳተሙት ንድፈ ሐሳብ አከርካሪያችን ውስጥ የሕመምን መልእክት የሚያሳልፍና የሚያግድ በር እንዳለ፣ አእምሮም በሩ ላይ ሥልጣን እንዳለው አስረድተዋል። «ማስቆም እችላለሁ» ብሎ የሚያውቅ ሰው ያ በር እንደተበረገደ አይቀርም። ታካሚውም ታሪኩን መዘርዘር የለበትም። «ከዚህ በፊት የደረሰብኝ ነገር አለ፣ ቀስ በሉልኝ» ካለ ይበቃል።

እቴቴን ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። ወንበሩን ሳይነካ ዝቅተኛ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «እማማ፣ ዛሬ ካልፈለጉ አንነካውም፤ ዛሬ እናያለን ብቻ» አላት። መቦርቦሪያውን መዳፏ ላይ አስቀምጦ አሳያት፤ ለዚህ ጥርስ እንደማያስፈልግም ነገራት። ጥርሱ መነቀል ነበረበት። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አዞላት፣ እብጠቱ ጎደለ፣ በሳምንቱ ተመለስን። እጇን ባነሳች ቁጥር ቆመ።

የተነቀለውን ጥርስ ጠይቃ ተቀበለችው፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ባጃጁ ውስጥ በጥጡ መሐል እንደምንም እየተናገረች «አምስቴ አነሳሁበት፣ አምስቴም አቆመልኝ እኮ» አለችኝ።